ለአምስት ቀን ጉዞ አንዲት ካይሮ ትበቃለች

 

ባለፈው ሳምንት ከተራዊሕ ሰላት በኋላ የመስጊዳችን አራት ወጣቶች ቀርበው አንድ ወረቀት ዘረጉልኝ። ከዒድ በኋላ የአምስት ቀን ዕረፍት አላቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ቆይተዋል፤ ታሪካዊ ከተሞችን ሊጎበኙ አስበዋል። «ሸኽ፣ እርስዎ ዓረብኛ ያውቃሉ፤ ይዩልንና ይመርቁን» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ካይሮ፣ እስክንድርያ፣ ሉክሶር፣ አስዋንና ኢስታንቡል ተደርድረዋል። በአምስት ቀን አምስት ከተማ መሆኑ ነው።

ልጆቹን መረቅኋቸው፤ ወረቀቱን ግን አልመረቅሁትም።

ከካይሮ እስከ ሉክሶር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አስዋን ከዚያም ይርቃል። ኢስታንቡል ባሕር ማዶ ያለች የሌላ አገር ከተማ ናት፤ ሌላ ቪዛና ሌላ ትኬት ትጠይቃለች። በየቀኑ ሻንጣ ማሰር፣ ጣቢያ መጠበቅና ማደሪያ መፈለግ ሲቀነስ ለከተማው የሚተርፈው ፎቶ ማንሻ ሰዓት ብቻ ነው። ወጣቶቹም መልስ አላጡም፤ «ይህ ዕድል ዳግመኛ ላይገኝ ይችላል፤ በአንድ ወጪ ሁሉንም ብናይ ምን አለበት?» አሉኝ። ሐሳባቸው ከንቱ አይደለም፤ የጉዞ ወጪ ምን ያህል እንደከበደ አውቃለሁ። እኔ የምለው ግን፣ ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ከሆነ በጥድፊያ ሊባክን አይገባም ነው።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ለትምህርት ከሄድኩበት አገር ስመለስ ካይሮ ላይ ሦስት ቀን አድሬ ነበር። ፒራሚዶቹን አየሁ፤ ከኻን አል-ኸሊሊ ገበያ ለእናቴ ሻሽ ገዛሁ፤ አል-አዝሃር ገብቼ ሁለት ረከዓ ሰገድኩና ወጣሁ። አገሬ እንደገባሁ ወሎ ወርጄ ያቀሩኝን ሸኽ ዘየርኳቸው። «አዝሃር ገብተሃል?» አሉኝ። «አዎ ሸኽዬ» አልኩ። «የእኛ ሰዎች ይቀመጡ የነበረው በየትኛው ወገን ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ምን እንደጠየቁኝ እንኳ አልገባኝም ነበር። «ይሁን፣ ሌላ ጊዜ ትነግረኛለህ» ብለው ዱዓ አደረጉልኝ። በዚያው ዓመት ወደ አኼራ ሄዱ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ972 ሰላት የተጀመረበት አል-አዝሃር ደረሶቹን በየአገራቸው ለይቶ የሚያኖርባቸው ሪዋቅ የሚባሉ ክፍሎች ነበሩት። ከእነዚህ አንዱ ከእኛ አካባቢ ለሚሄዱ ደረሶች የተለየው የጀበርት ሪዋቅ ነበር። የሪዋቁ አለቃ ከነበሩት ቤተሰቦች ከአንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1753 የተወለደው አብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1798 የፈረንሳይ ጦር ግብፅ ሲገባ ያየውን የመዘገበ ትልቅ የታሪክ ጸሐፊ ነው። የአያት ቅድመ አያቶቹ ምድር የኛው ምድር ነው። እኔ ግን እዚያው ግቢ ቆሜ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ስለዚህ ለወጣቶቹ አዲስ ወረቀት ጻፍንላቸው። ካይሮ አንዲት ትምሰል እንጂ አራት ከተሞች ተከታትለው የቆሙባት ናት፤ ፉስጣጥ፣ ዐስከር፣ ቀጣኢዕና ቃሂራ።

የመጀመሪያው ቀን ለፉስጣጥ ነው። እዚያ ያለው የዐምር ኢብን አል-ዓስ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ642 አካባቢ ተመሥርቶ በየዘመኑ የታደሰ ነው። ዐምር ማለት ከመስለሙ በፊት የቁረይሽ መልእክተኛ ሆኖ ሐበሻ የመጣው፣ የተሰደዱትን ሙስሊሞች አሳልፈው እንዲሰጡት ነጃሺን የጠየቀውና እምቢ የተባለው ሰው ነው። ከዚያው በእግር የሚደረስባቸው የጥንት አብያተ ክርስቲያናትና የቤን ዕዝራ ምኩራብ አሉ፤ ሦስቱ ሃይማኖቶች በአንድ ሰፈር ጎረቤት ሆነው ኖረዋል። የአገራችን ክርስቲያኖችም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ጳጳስ ያስመጡ የነበረው ከግብፅ ነውና፣ የክርስቲያን ጓደኛ ያላችሁ አብራችሁ ብትሄዱ መልካም ነው።

ሁለተኛው ቀን ለቀጣኢዕና ለኢማም ሻፊዒ ነው። የዐስከር አሻራ ዛሬ የለም። ከቀጣኢዕ የቀረው ታላቁ ነገር እ.ኤ.አ. በ879 ያለቀው የኢብን ጡሉን መስጊድ ነው። መዝሀባቸውን በየቂርኣት ቤቱ የምንማረው ኢማም አሽ-ሻፊዒ እ.ኤ.አ. በ820 አርፈው የተቀበሩት እዚያው ካይሮ ነው፤ ጉልላታቸው አናት ላይ የጀልባ ቅርጽ ተተክሎበታል።

ሦስተኛው ቀን ለቃሂራ ነው፤ ከባብ አል-ፉቱሕ ጀምሮ በሙዒዝ ጎዳና እስከ ባብ ዙወይላ በእግር፣ በመሐል አል-አዝሃር። አራተኛው ቀን ለሱልጣን ሐሰን መስጊድና ሰላሐዲን እ.ኤ.አ. በ1176 ላስጀመሩት ግንብ ነው። የሱልጣን ሐሰን አንድ ግቢ ለአራቱም መዝሀቦች ትምህርት ቤት ነበር፤ በጥቃቅን ነገር ለምንነቋቆር ለእኛ ያ ግቢ ራሱ ኹጥባ ነው።

አምስተኛው ቀን ክፍት ይሁን። ጠዋት ፒራሚዶቹን ይዩ፤ ከሰዓት ልባቸው የቀረበት ቦታ ይመለሱ። ቁርኣን ምድር ላይ ተጓዙና ያለፉትን ሰዎች ፍጻሜ ተመልከቱ ሲል ደጋግሞ ያዘዘን ልናስተነትን ነው፤ ለማስተንተን ደግሞ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ሦስት ነገር ጨመርኩላቸው። አንደኛ፣ ዕዳ ያለበት ዕዳውን ሳይከፍል፣ ወላጆቹን ሳያስፈቅድ አይነሣ። ሁለተኛ፣ የሚሰግድን ሰው ፎቶ አታንሱ። ሦስተኛ፣ በቀሩት የረመዳን ምሽቶች ከኢፍጣር በኋላ ስለ አንድ አንድ ቦታ ተራ በተራ አንብባችሁ ተነጋገሩ፤ ሳይጠይቅ የሄደ ሰው ሳያይ ይመለሳል።

ሦስቱ ተስማምተዋል፤ አንዱ ግን ኢስታንቡል አሁንም ከልቡ አልወጣችም። ለእሱም ሌላ ዓመት ብቻዋን ትጠብቀው ብዬዋለሁ።

ሲሄዱ የማስይዛቸው መልእክት አንድ ነው። አዝሃር ስትገቡ የእኛ ሰዎች ይቀመጡ የነበረው በየትኛው ወገን እንደሆነ ጠይቃችሁ ንገሩኝ። ለሸኽዬ ያልመለስኩት መልስ አለብኝ።