መሣሪያ ባይሞላም ዘፈን ይሞላል

«መሣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት ሙዚቃን እንዴት አድርጎ ያስተምራል?» የሚለው ጥያቄ በሰልጣኞች መካከል ደጋግሞ ይነሳል። ነገ ማንኪራን ወደመሳሰሉ የገጠር ቀበሌዎች የምንመደብ ነንና ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «አይቻልም» ነው እንዴ? እኛ በበኩላችን ይቻላል እንላለን።

እስቲ ከሩቅ እንጀምር። በጀርመን አገር ግሮስንክኔተን ከምትባል የገጠር ከተማ የተነሳው ትሪዮ የተባለ የሦስት ሰዎች ባንድ እ.ኤ.አ. በ1982 «ዳ ዳ ዳ» የተሰኘ ዘፈን አወጣ። ምቱን የምትሰጠው ካሲዮ ቪ.ኤል. 1 የተባለች፣ የሂሳብ መደመሪያም ጭምር የሆነች፣ 29 ቁልፍ ያላት ትንሽ ኪቦርድ ነች። ምቱ ያው አንድ ነው፤ ግጥሙ አጭር ነው፤ ጊታሩም አልፎ አልፎ ብቻ ይገባል። ታዲያ ዘፈኑ ከአገር አገር የዞረው ምን ይዞ ነው? ጆሮ አንድ ምት ከለመደ ትንሿ ለውጥ ድግስ ትሆንለታለች። ባዶ የተተወውን ቦታ ደግሞ አድማጩ ራሱ በእግሩና በጣቱ ይሞላዋል።

ከእኛም ወገን ምሳሌ አለ። በዋልያስ ባንድ የምናውቀው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ብቻ ይዞ የቆዩ ዜማዎቻችንን ለብቻው ቀረጸ። ሥራው በ2013 እንደገና ሲታተም አማርኛ የማያውቁ የውጭ አገር ወጣቶች ሳይቀሩ ወደዱት።

አንዳንድ ወገኖች «ይሄማ የሰነፍ ሙዚቃ ነው» ይሉ ይሆናል። የለም፣ ስንፍና ሌላ ነው። በየሰርጉ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሁሉን ነገር ለማሽን የሚተው አጫዋች አለ፤ የእሱ ያነሰው ስላልደከመበት ነው። ኃይሉ ግን ከሙሉ ባንድ ጋር ለዓመታት ከሠራ በኋላ ነው የቱ ቢቀር እንደማይጎዳ የለየው። መጉደልና መምረጥ ለየቅል ናቸው።

ስለዚህ በኪነ ውበት ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ አንድ ጭብጨባ እናስይዝ፤ ልጆቹ እስኪጸኑበት አንቸኩል። ቀጥሎ በካፊ ኖኖም ሆነ በአማርኛ ከአካባቢው ዜማ አንዲት ሐረግ እንጨምር። ከዚያ የኋላው ረድፍ በባዶ ጀሪካን ይግባ። በመሃሉም ሁሉም ዝም ብሎ ምቱን በልቡ ይቁጠር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አይደል ተረቱ!

ጊታርና ኪቦርድ ይሰጠን ማለታችንን አንተው። እስኪመጡ ድረስ ግን «መሣሪያ የለም» እያልን የሙዚቃውን ክፍለ ጊዜ የሂሳብ ማካካሻ አናድርገው!