የኩባንያው ሰዓትና የመጋላ ፀሐይ

በሻንጋይ ወንዝ ዳር፣ ፈረንሳዮች በያዙት ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ከማማ ጫፍ አንድ ትልቅ ኳስ ይወርድ ነበር። ሰዓቱን የሚያሰሉት የዚካዌይ ኢየሱሳውያን ካህናት፣ ኳሱን በጉጉት የሚጠብቁት ደግሞ የመርከብ አዛዦች ነበሩ። መርከበኛ ሰዓቱ በአራት ደቂቃ ከተዛነፈ የቆመበትን ቦታ በአንድ ሙሉ ዲግሪ ይስታል። ሆንግ ኮንግም በዓመቱ የራሷን ኳስ ሰቀለች።

ድሬዳዋ ባሕር የላትም እንጂ እንደ ሻንጋይ ወደብ ነበረች። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ ሲደርስ፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በአንዱ ወገን ከዚራ የፈረንሳዮች፣ የግሪኮችና የአርመኖች ሰፈር ሆነ፤ በሌላው ወገን መጋላ ከነገበያው አደገ። በጥር 1900 የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል ደግሞ ፈረንሳዮች እርስ በርስ ሲካሰሱ በራሳቸው ቆንስል እንዲዳኙ ፈቀደ። የቻይና ወደቦች ሥርዓት ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል።

በሰዓቱ ጉዳይ ግን ሁለቱ ከተሞች ይለያያሉ፤ ምክንያቱ ያለው ሐዲዱ ላይ ነው። መስመሩ ነጠላ ስለሆነ ሁለት ባቡሮች መተላለፍ የሚችሉት በጣቢያ ብቻ ነው። በጅቡቲና በአዲስ አበባ የፀሐይ ሰዓት መካከል ደግሞ 17 ደቂቃ ያህል ልዩነት አለ። ስለዚህ የጣቢያ ሹሞች ሁሉ አንድ ሰዓት መያዝ ነበረባቸው፤ ያለዚያ ግጭት ነው። ይህ ግን የባቡር ኩባንያው የውስጥ ሥራ እንጂ ለከተማው የታወጀ ሕግ አልነበረም። ደግሞስ ያ ሰዓት አክባሪ ባቡር ራሱ በፀሐይ የሚገዛ ነበር! ለረጅም ዘመን በሌሊት አይጓዝም፤ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ፣ አዲስ አበባ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር።

መጋላ የውጭ ሰው የሰዓት ምልክት ያልፈለገችው የራሷ ምልክት፣ ፀሐይ፣ ስለነበራት ነው። እዚህ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ሰዓትን ከንጋት መቁጠር ክረምት ከበጋ ያስኬዳል። የአውሮፓ ሰው ይህን አቆጣጠር እንደ ኋላ ቀርነት ማየቱ የሚገርም አይደለም፤ በእርሱ አገር ንጋት በወራት ውስጥ በብዙ ሰዓት ይሸሻል። የዙሁር፣ የቀትር ሶላት፣ አዛንም ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ይሰማል። የዛሬው የእጅ ሰዓታችን ስድስት ሲል የድሬዳዋ ፀሐይ እኩለ ቀን ለመድረስ በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ይቀራታል። በዚህ ጉዳይ ለሰማዩ የሚቀርበው ሙአዚኑ ነው።

የሻንጋዩ ኳስ ለመርከበኛ፣ የከዚራው ሰዓት ለጣቢያ ሹም ተሠሩ። የውጭ ሰዎች ሰዓት የአገሬውን ሕይወት ገዛ የሚለው ትረካ፣ ቢያንስ ለድሬዳዋ፣ የተጋነነ ነው። ፍርድ ቤቱንና ንግዱን ነክተዋል፤ የቀኑን አቆጣጠር ግን አልወሰዱም። ዛሬ ቻይናውያን የሠሩት የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ውጭ ካለ ጣቢያ ይነሳል፤ የመጋላ ነጋዴም ለዚያ ባቡር ቀጠሮ ሲይዝ የሚቆጥረው ከንጋት ነው።