የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ የጋለው የትኛው ነጥብ ነው?

ስልካችን ሲግል መዳፋችን ይነግረናል፤ በውስጡ ካሉት ትራንዚስተሮች የትኛው እንደጋለ ግን መዳፍም ሆነ ተራ ቴርሞሜትር አይለይም። ይህ እትም የሚያተኩረው ሙቀትን በመርፌ ጫፍ እየዳሰሰ በሚለካው ማይክሮስኮፕ ላይ ነው።

መንገዱን በ1986 እ.ኤ.አ. የከፈቱት የአይቢኤም ተመራማሪዎቹ ክሌይተን ዊሊያምስና ኩማር ዊክራማሲንጌ፣ ሹል ጫፍ ላይ ቴርሞከፕል የተባለ የሙቀት መለኪያ አበጁ። ዛሬ የሲሊከን መርፌው ራሱ በኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ ናሙናውን ሲነካ የሚያጣው ሙቀትም ይለካል። ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው፦ መርፌው ብዙ ሙቀት ያጣው ቦታው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው ወይስ ንክኪው ስለሰፋ? በመካከል ያለው አየርና ስስ የውሃ ሽፋንም ሙቀት ያሻግራሉ።

የዙሪኩ የአይቢኤም ቡድን በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መላ እስካሁን ያስደንቀኛል። የናሙናውን ሙቀት በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ከመርፌው የሚመጡትን ሁለት ምልክቶች አነጻጽረው የንክኪውን ተጽዕኖ ነጥለው አወጡት። በዚህም ከ10 ናኖሜትር ባነሰ ርቀት የ0.007 ዲግሪ ልዩነት ለማንበብ በቁ።

ፊዚክስ የምታስተምሩ አንባቢዎቻችን ንክኪውን ከሚተነትነው ጽሑፍ ብትጀምሩ እመርጣለሁ፤ ባለቀለሞቹን የሙቀት ካርታዎች በልበ ሙሉነት የምታነቡት ያን ጊዜ ነው።