የቆርቆሮ ዝገት

ብረት የሚዝገው በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅንና እርጥበት በአንድነት ሲያገኙት ነው። በደረቅ አየር የተቀመጠ ብረት ብዙ ዘመን ሳይዝግ ይኖራል፤ ጨው ያለበት እርጥበት ግን ፈጥኖ ይበላዋል። ዝገቱም ልልና ፍርፍር ስለ ሆነ ከሥር ያለውን ብረት አይሸፍንለትም፤ ተቀርፎ በወደቀ ቁጥር ሌላው ይዝጋል።

ስለዚህ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ ውስጡ ብረት ስለ ሆነ፣ ዚንክ በሚባል ማዕድን ይለበጣል። ቆርቆሮው ጥቂት ቢጫር እንኳ ዚንኩ ራሱ አስቀድሞ እየተበላ በአጠገቡ ያለውን ብረት ያድነዋል።

ይህን እያወቅን እኛው ራሳችን ተሳስተናል። በሰኔ የገዛነውን ቆርቆሮ እንደ ተደራረበ በግቢ አኑረን ክረምቱን አሳለፍን። በመስከረም ስንገልጠው፣ በመካከሉ የገባው ዝናብ መድረቂያ ስላጣ፣ ዚንኩ ነጭ ዱቄት ሆኖ ቆየን፤ ባንዳንዱም ላይ ቀይ ዝገት ወጥቶበታል። በጣራ ላይ የተዘረጋ ቢሆን ኖሮ ዝናቡ ባባራ ጊዜ እየደረቀ፣ ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ ጠባቂ ሽፋን ባበጀ ነበር። ለቤታችን ያሰብነው እኩሌታው ለዶሮ ቤት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮ ስንገዛ ከዝናብ አስጠግተን፣ ከመሬት ከፍ አድርገን፣ በመካከሉ እንጨት እያገባን በአንድ ወገን አዘንብለን እናኖረዋለን።