የባሏን መዝገብ መጀመሪያ ሚስት ትየው
ለፍትሕ ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነት ማፈላለግን ከክስና ከምሕረት ጎን አስቀምጧል። የምጽፍላችሁ እውነቱ ሲገኝ መጀመሪያ ማን እጅ ይግባ በሚለው ላይ ነው።

አክስቴ የምትኖረው ሾኔ አካባቢ ነው። ባሏ መምህር ነበር። በደርግ ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም.፣ አንድ ማታ ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ከወራት በኋላ የቆጮ ጉድጓዷን ከፍታ የእንሰቱን ቅጠል ስትገልጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘች። የኢሕአፓ ‹ዴሞክራሲያ› እና የመኢሶን ‹የሰፊው ሕዝብ ድምፅ› አንድ ላይ ታስረዋል። በመካከላቸው መታወቂያ አለ፤ ፎቶው የባሏ፣ ስሙ የማታውቀው ሰው። ሁለቱ ድርጅቶች እርስ በርስ ሲገዳደሉ የከረሙ ናቸው። የየትኛው አባል ነበር? ወይስ ሁለቱንም ለቀበሌ ይጠቁም ነበር? ፎቶውን ቆርጣ አስቀረች፤ የቀረውን ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ለግማሹ መንደር ሰማዕት ነው፣ ለግማሹ ጠቋሚ። በ1992ቱ ምርጫ በሀዲያ ደም ፈስሶ በአንዳንድ ምርጫ ክልሎች ድምፅ እንደገና ሲሰጥ፣ ልጇ የፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስን ድርጅት ይደግፍ ነበርና ‹የጠቋሚ ልጅ› ብለው ሰደቡት። አባቱን በመልክ እንኳ አያስታውስም።

ደርግ ግድያውን ሳይቀር በደብዳቤና በማኅተም ያዝዝ የነበረ መንግሥት ነው። በ1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ በታኅሣሥ 1999 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት ጥፋተኛ ያስባለው በእነዚያው ወረቀቶችና በምስክሮች ነው። ችሎት ግን የሚጠይቀው ማን ገደለ ብሎ ነው። አክስቴ የምትጠይቀው ስለ ገዳዩ አይደለም፤ ስለ ባሏ ነው።

መልሱ ከእነዚያው ወረቀቶች ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ መራራም ሊሆን ይችላል። በምሥራቅ ጀርመን ለሰላም ትታገል የነበረችው ቬራ ቮለንበርገር፣ የአገሪቱ የደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ የስታዚ፣ መዝገብ ሲከፈት ‹ዶናልድ› በሚል የምስጢር ስም በሚጠራ ሰው ስትሰለል እንደኖረች አወቀች፤ ዶናልድ ባሏ ነበር። ትዳሩ ፈረሰ። ያም ሆኖ ጀርመኖች በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ለተሰለለው ሰው መዝገቡን ከፈቱለት፤ የሞተ ወይም የጠፋ ሰው ዕጣ እንዲታወቅም የትዳር ጓደኛን ጨምሮ ለቅርብ ዘመድ በር አልዘጉም። የሦስተኛ ወገን ምስጢር ግን ተሸፍኖ ነው የሚሰጠው። ይህን ጥንቃቄ እኛም ያስፈልገናል፤ በአነስተኛ ከተማ የጠቋሚው ልጅና የሟቹ ልጅ በአንድ ዕድር ውስጥ ናቸውና።

ሌላም ነገር አለ። የደኅንነት ሰው የጻፈው ሁሉ እውነት አይደለም፤ እስረኛ ውስጥ እግሩን እየተገረፈ የሰጠው ቃልም ‹አምኗል› ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ወረቀቱን አቀብሎ መሸኘት አይበቃም። ቃሉ በምን ሁኔታ እንደተገኘ የሚያስረዳ ባለሙያ ከአክስቴ አጠገብ ይቀመጥ።

አክስቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ማንበብ አትችልም። ረጅም መንገድ ተጉዛ አዲስ አበባ ወረፋ እንድትይዝ አታድርጉ። ሆሳዕና ዛሬ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ አንድ ክፍል አይጠፋም። ለእሷ በሀዲይኛ፣ ለዱራሜዋ እናት በከምባትኛ የሚያነብ ሰው መድቡ። መዝገቡን እሷ ሰምታ ሳትፈቅድ ጋዜጠኛም ሆነ ካድሬ አይየው። በፖሊሲው የታሰበው የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ሕግ ይህን መብት በግልጽ አንቀጽ ይደንግግላት።

ከአክብሮት ጋር
ከሆሳዕና