የመንታ እናት ለምን ተንጋላ ትሙት?

«የመንታ እናት ተንጋላ ትሙት» ይላል ተረታችን። ወደ አንዱ ልጇ ብትዞር ለሌላው ጀርባዋን መስጠቷ ነውና፣ ሁለቱንም ላለማስቀየም ጣራ ጣራ እያየች ትለፍ ማለቱ ነው። ሽማግሌ በሁለት ወዳጆቹ መካከል ሲቸገር፣ ባለሥልጣን ከሁለት ወገን ሲወጠር ይጠቅሰዋል። እኔ በደቡብ ጎንደር፣ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ መንታ ወልጄ ያሳደግሁ ሴት ነኝና ተረቱን በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ቤት ከእናቲቱ በቀር ሰው የለም ወይ? የልጆቹ አባት የት ሄደ? አያታቸውስ? አክስታቸውስ? አጥር የሚጋሩት ጎረቤቶችስ?

ተረቱ እነዚህን ሁሉ ከቤት አስወጥቶ እናቲቱን ብቻዋን አስተኝቷታል። እኛም በኑሯችን እንደዚያው እናደርጋለን። የምለው ይህን ነው፦ መንታ በተወለደበት ቤት የቤት ሥራው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከእናቲቱ ትከሻ ወርዶ በአባወራው፣ በዘመድና በጎረቤት መካከል በተራ መከፋፈል አለበት።

ሒሳቡን እንሥራው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ትንሹን ቁጥር ብንወስድ እንኳ ለመንታ 16 ጊዜ ይሆናል። አንዱ ማጥባት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ 8 ሰዓት ሞላ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሮ የሚውለውን ያህል ማለት ነው። ማስገሳቱ፣ ጨርቅ መቀየሩ፣ እሹሩሩ እያሉ ማስተኛቱ ገና አልተቆጠረም። ሁለቱን በሁለት ብብት ሥር ይዞ ባንድ ጊዜ ማጥባት ጊዜውን ያሳጥረዋል፤ ያንን ለመልመድ ግን ትራስ የሚያስተካክል፣ አንዱን ሕፃን አንሥቶ የሚያቀብል ሰው ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ የቤቱ ሥራ ይጠብቃል። ጤፉ ይነፋል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ይቦካል፣ አብሲት ይጣላል፣ ምጣዱ ይጣዳል። በክረምት የጉና ተራራ ብርድ ሲወርድ ሊጡ ኩፍ ለማለት ይዘገያል፤ የሕፃናቱ ጨርቅም ውሎ አድሮ አይደርቅም። ምጣድ ላይ ሊጥ ካፈሰሱ በኋላ ትቶ መነሣት የለም። አንዱ ሕፃን የሚያለቅሰው፣ ሌላውንም የሚቀሰቅሰው ታዲያ ያን ጊዜ ነው። እናት አንዱን በአንቀልባ አዝላ፣ ሌላውን በእግሯ አጠገብ አጋድማ፣ ጭስ መሐል ትጋግራለች። የጨቅላ ሳንባ ለጭስ አቅም የለውም፤ እሳቱም ሩቅ አይደለም። ከከተማው ወጣ ባሉት ቀበሌዎች ደግሞ ምንጭ ወርዶ ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨትና ኩበት መልቀሙ፣ በረት መጥረጉ፣ ለሥራ ሰው ጠላ መጥመቁ ይጨመራል።

የእስቴ ሰው ለአራስ ንፉግ አይደለም፤ ይህን በራሴ አይቻለሁ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የማይገባ ጎረቤት፣ ቅቤና አጥሚት ሳይዝ የሚመጣ ዘመድ የለም። ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ሌላ ገንፎ ይደርሳል። የእኔ ልጆች ወንድና ሴት ስለሆኑ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ተነሡ፤ ቤታችንም ሁለት ጊዜ ተደገሰ። ከሁለተኛው ክርስትና በኋላ ግን ቤቱ ጭር አለ። እናቴም አጨዳ ደርሶባት ወደ አገሯ ተመለሰች። ክፉ የሠራ ማንም አልነበረም፤ ልማዱ እስከዚያ ድረስ ብቻ ስለሚያስኬድ ነው።

ሸክሙ የሚከብደው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። መንታ ለወለደች የጨመረላት ቀን የለም። እንግዲህ ተቀጥራ የምትሠራ እናት የሴት ልጇ ክርስትና አልፎ ጠያቂው በተበተነ በአሥር ቀን ውስጥ ፈቃዷም ያልቅባታል። ሕፃናቱ በበኩላቸው ነቅተው የሚቆዩበት ሰዓት እየረዘመ ይሄዳል፤ በስድስተኛው ወር ተጨማሪ ምግብ ይጀምራሉ፤ ከዚያም መዳህ ይመጣል፤ አንዱ ወደ ምድጃው፣ ሌላው ወደ በሩ። የእርዳታችን ቀን የሚያበቃው መከራው ሲጀምር ነው።

ነገሩ የድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ «እናትነት ነው፣ ቻይው» ማለት ይቻል ይሆናል። የሕይወት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት የታተመ ጥናት ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች መንታ ሆነው ከሚወለዱ አምስት ሕፃናት አንዱ አምስት ዓመት ሳይሞላው እንደሚሞት አሳይቷል። ይህ ብቻቸውን ከሚወለዱት ሞት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አፍሪካ ደግሞ መንታ በብዛት ከሚወለድባቸው አህጉራት ቀዳሚዋ ናት፤ ከ1,000 ወሊዶች 17 ያህሉ መንታ ናቸው። መንታዎች ብዙ ጊዜ ቀናቸው ሳይደርስ፣ ክብደታቸው ሳይሞላ ይወለዳሉ። ደካማው ሕፃን ለመጥባት ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ እናቲቱ ወደ ምጣዷና ወደ ውሃዋ ስትጣደፍ የሚጎዳው እሱ ነው።

ክብደታቸው ላልሞላ ሕፃናት ሐኪሞች የሚመክሩት የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። ሕፃኑን ራቁት ደረት ላይ አድርጎ፣ ቆዳ ለቆዳ አጣብቆ ማሞቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያዋ ቦጎታ ማሞቂያ ሣጥን ባጠረው ሆስፒታል ተጀምሮ በመላው ዓለም ተስፋፋ። የአባት ደረትም፣ የአያት ደረትም ያሞቃል። መንታ በሆነ ጊዜ አንዱ እናቱ ደረት ላይ፣ ሌላው አባቱ ደረት ላይ ሊሆን ይችላል። አካላችን ራሱ ሥራውን ለሁለት እንድንካፈል ፈቅዷል።

እናቲቱ ያልቻለችውን ሸክም ዛሬ ማን እንደሚሸከመው እንይ። ብዙ ቤት ውስጥ የምትሸከመው ታላቅ እህታቸው ናት። ደብተሯን አስቀምጣ አንዱን ሕፃን ታዝላለች፤ መጀመሪያ የገበያ ቀን ብቻ ትቀራለች፣ ቀጥላ ሳምንቱን፣ በመጨረሻም ዓመቱን። ታላቅ እህት በሌለበት ቤት ከገጠር የዘመድ ልጅ ትመጣለች፤ «ልጅ ትያዝልን፣ እናስተምራታለን» ተብሎ። ሕፃን ይዛ የምትውል ልጅ መቼ ትማራለች? በአዋጁ ዝቅተኛው የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት ነው። እኛ በ10 ዓመቷ ሁለት ሕፃናት እናስታቅፋታለን። ሁለት ልጅ ለማሳደግ ሦስተኛዋን መሠዋት ትክክል አይደለም፤ «ዘመድ መርዳት» የሚለው ስምም ትክክል አያደርገውም።

አንድ ዓመት ያልሁት ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። በጎረቤቶቻችን በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ይሠራል። ተጠቃሚዎቹ እርከን ሠርተው፣ መንገድ ጠርገው ድጋፍ ያገኛሉ። የመርሐ ግብሩ መመሪያ ግን እርጉዝ ሴት ከጉልበት ሥራው እንድትወጣ፣ ከወለደችም በኋላ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ሳትሠራ ድጋፏን እንድታገኝ ይፈቅዳል። ድንጋይ መሸከም ለምታጠባ እናት እንደማይገባ በሕዝብ ሥራ ላይ ከተስማማን፣ 20 ሊትር ጄሪካን ከምንጭ ማመላለሱን በየቤታችን ለምን እንፈቅዳለን? ውሃው ከድንጋዩ አይቀልም።

የወንዱን ድርሻ በተመለከተ ሕጉ ራሱ ጠባብ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አባት የሚያገኘው 3 ተከታታይ ቀን ሲሆን፣ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ የሆነ 10 የሥራ ቀን ያገኛል። ገበሬው አባት ግን ፈቃድ ሰጪም ከልካይም የለውም፤ የሚከለክለው ይሉኝታ ነው። ባለቤቴ ጄሪካን ይዞ ቦኖ ውሃ የተሰለፈ ዕለት አንድ ወዳጁ «ምነው፣ ሚስትህ የለችም እንዴ?» አለው። «አለች፤ ሥራ ላይ ናት» ብሎ መለሰለት። ከዚያ መልስ የበለጠ ያስደሰተኝ ስጦታ አላስታውስም።

ይሉኝታን መስበር ይቻላል። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ያለው የአውራምባ ማኅበረሰብ በ1964 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ሥራን የሚከፋፍለው በጾታ ሳይሆን በአቅም ነው። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ልጅ ይይዛል፤ ሴቷ ታርሳለች፣ ሸማ ትሠራለች። መሥራቹ ዙምራ ኑሩ የዚሁ የእስቴ ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው የጠየቁት ጥያቄ ዛሬም በየቤታችን ያለ ነው፦ እናቴ ከአባቴ ጋር እኩል እርሻ ላይ ውላ ማታ እሱ ሲያርፍ እሷ ለምን አታርፍም? አውራምባዎች በእምነታቸውና በአኗኗራቸው ከእኛ ሊለዩ ይችላሉ፤ ወንድ እንጀራ በመጋገሩ ቤት እንደማይፈርስ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አሳይተውናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በቅድሚያ ሥራውን እንለይ። ማጥባት የእናት ነው፤ የቀረው ሁሉ የማንም ነው። ከቀረውም ውስጥ የሚቀር አለ። ጠላው ለአንድ ዓመት ቢቀር ማንም አይሞትም። የቤቱ ልቅለቃ ይቆያል። አራስ ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት ቡናውን ራሷ አፍልታ፣ ሲኒውን ራሷ አጥባ ትሂድ፤ ቤቱ ተዝረክርኳል ብላም አትማ። የማይቀረው ደግሞ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የሕፃናቱ ጨርቅ ንጽሕና፣ የምድጃው ዙሪያ መታጠር፣ የእናቲቱ ምግብና እንቅልፍ ነው። ለሁለት የምታጠባ ሴት ከሌላው ወላድ አብልጣ መብላት አለባት፤ ገንፎው በ80 ቀን መቆም የለበትም።

ሁለተኛው ወንፈል ነው። ለአጨዳና ለአረም ወንፈል የምንገባ ሰዎች ነን፤ ለቤት ሥራም እንግባ። አንዷ ጎረቤት የራሷን እንጀራ ስትጋግር ለመንታ እናት አሥር ትጨምር፤ ምጣዱ እንደሆነ ተጥዷል፣ እንጨቱም ነድዷል። ሌላዋ በሳምንት አንድ ቀን ጨርቅ ትጠብ። የአንዱ ቤት ጎረምሳ ውሃውን በአህያ ጭኖ ያምጣ። ሌላው እህሏን ወፍጮ ቤት ያድርስላት። ብድሩን ዛሬ አትመልስም፤ ልጆቿ በእግራቸው ሲሄዱ ትመልሳለች። ወንፈል ቀን ይጠብቃል እንጂ አይረሳም።

ሦስተኛው ለዕድሮቻችንና ለጽዋ ማኅበሮቻችን ነው። ሰው ሲሞት ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን ንፍሮ እንደሚቀቅል በደንብ ጽፈን አስቀምጠናል፤ የቀረም ይቀጣል። መንታ ሲወለድ ማን ምን እንደሚሠራ የሚደነግግ አንድ አንቀጽ በዚያው ደንብ ላይ ይጨመር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን በየቤቱ ስትገቡ እናቲቱን ብቻ አታነጋግሩ፤ አባቱንም አስቀምጡ፣ ሕፃን አስታቅፉት። የንስሐ አባቶችም ቃላችሁ ከሁላችን ይልቅ ይሰማል፤ ሚስቱን የሚያግዝ ባል አላፈረም ብላችሁ በዐውደ ምሕረት ተናገሩልን።

የመካነ ኢየሱስ፣ የጋይንትና የስማዳ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ ሳምንት በሰፈራችሁ ክርስትናው አልፎ ጠያቂ የራቃት የመንታ እናት ካለች ወደ ቤቷ ሂዱ። ምን ላግዝሽ ብላችሁ አትጠይቋት፤ ምንም አትልም። ጄሪካኑን አንሡና ውሃ ቅዱላት።