ኩርባ ሳይደረስ ስለሚሠራው ሥራ

ከሐዋሳ ተነሥቶ በቱላ በኩል ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚሄደው የአስፋልት መንገድ ለደቡቡ የሀገራችን ክፍል ዋና መተላለፊያ ነው። በታኅሣሥ 19 ቀንና በሐምሌ 19 ቀንም፥ የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ሲከበር፥ አያት ከልጅ ልጅ ጋራ በአንድ መኪና ተሳፍሮ በዚሁ መንገድ ይመጣል። መሪ የሚጨብጠው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም ሕይወቱን በዚያ መሪ ላይ የጣለው ግን ቤተ ሰቡ በሙሉ ነውና፥ በዚህ ወር ስለ ኩርባ መናገርን መረጥን።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል በቦና ዙሪያ የደረሰውን አደጋ የሰማ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሰርገኞችን የጫነ የጭነት መኪና ድልድይ ስቶ ወንዝ ውስጥ ገባ፤ ከ70 የማያንሱ ሰዎችም ሞቱ። መንገዱ ኩርባ የበዛበት እንደ ነበረ በጊዜው ተነግሯል። በነጂው ላይ ፍርድ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ነገር ግን ለዕቃ በተሠራ መኪና ላይ ሰው ቆሞ ሲሞላበት ክብደቱ ወደ ላይ ከፍ እንደሚልና በመታጠፊያ ላይ ፈጥኖ እንደሚያዘነብል ሰርግ ደጋሾች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

መኪና በተፈጥሮው በቀጥታ መሄድን ይሻል፤ በኩርባ ላይ ከመንገዱ እንዳይወጣ የሚያደርገው ጎማው አስፋልቱን መያዙ ብቻ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የክብ ዙሩ ራዲየስ 50 ሜትር በሆነ ኩርባ ውስጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የክብደቱን ሩብ በሚያህል ኃይል ይገፋል፤ በ80 ቢገባ ግን ኃይሉ ክብደቱን ያህላል። ዝናብ ባረጠበው መንገድ ላይ ይህን ችሎ የሚይዝ ተራ ጎማ የለም፤ መሪን አጥብቆ መጠምዘዝም አያድንም።

ስለዚህ ብልኅ ነጂ ፍሬን የሚይዘው፥ ማርሽም የሚቀንሰው መንገዱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። በኩርባው ውስጥ ዐይኑን ከፊቱ ካለው አስፋልት አንሥቶ ወደ መውጫው ይልካል፤ ሁለቱን እጆቹን በመሪው ግራና ቀኝ ትይዩ ይዞ በለዘብታ ያዞራል። በ1956 ዓ.ም. የሀገራችን መኪናዎች ከግራ ወደ ቀኝ ከተዛወሩ ወዲህ ሕጉ ቀኝን ይዞ መሄድ ነው፤ ኩርባን በሰው መሥመር ቆርጦ ማለፍን እንደ ጉብዝና የሚቈጥሩ ሰዎች ግን ዛሬም አልጠፉም።

ድንገተኛ ነገር ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ድንጋጤው ነው። አንዱ ጎማ ከአስፋልቱ ጠርዝ ቢወርድ መሪውን በኃይል መመለስ መኪናውን ወደ ተቃራኒው መሥመር ይወረውረዋል፤ ቀጥ ብሎ ፍጥነት ከቀነሱ በኋላ ቀስ ብሎ መውጣት ይሻላል። ጎማ ቢፈነዳ መሪውን ጠበቅ አድርጎ መያዝ፥ እግርን ከነዳጅ ማንሣት፥ ፍሬንን አለመርገጥ ነው። የኋላው ጎማ ቢንሸራተት መሪው የኋላው ወደ ሄደበት አቅጣጫ ይዞራል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነቃል። ኤቢኤስ በሌለው አሮጌ መኪና ፍሬን ተረግጦ ጎማው ከቆመ መሪ አይታዘዝም፤ ለቀቅ ቢያደርጉት ይመለሳል። ኤቢኤስ ባለው ግን አጥብቆ እንደ ረገጡ መሪን ማዞር ይቻላል።

በቱላ ብዙ ቤተ ሰብ የሚሳፈረው በባጃጅ ነው። ባጃጅ በፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላላት በፍጥነት ስትታጠፍ፥ ይልቁንም ፍሬን እንደ ተያዘ ስትታጠፍ፥ በቀላሉ ትገለበጣለች። እናት ሕፃኗን ይዛ ከጫፍ ይልቅ ከመካከል ትቀመጥ፤ አባትም ከመታጠፊያው አስቀድሞ «ልጄ፥ ቀስ በል፤ አንቸኩልም» ቢል ነጂው እንደ ስድብ አይቍጠርበት።